አባይ ሚዛን እና የመቅደሱ ሰቅል

በጅማ ከተማ፣ በቡና ለቀማ ወራት፣ ለነጋዴዎችና ለሠራተኞች ጉባኤ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤ ይህን ሰዓት ስለ ሰጣችሁኝ ከልቤ አመሰግናለሁ። ኅዳር ነው፤ በዚህ ወር ጅማ እንዴት እንደምትውል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከማና፣ ከጎማ፣ ከሰቃ ጨቆርሳና ከሊሙ የሚመጡት አይሱዙዎች ጆንያ ተጭነው ሌሊቱን ሙሉ ሲገቡ ያድራሉ፤ በየመጋዘኑ ደጃፍ ጎህ ሳይቀድ ወረፋ ይያዛል፤ በየግቢው የተሰጣው ጀንፈል (ከነገለባው የሚደርቀው ቡና) ሽታ ከአዌቱ ወንዝ ማዶ ድረስ ይመጣል። ዓመቱን በዱቤ የኖረ ገበሬ ዕዳውን የሚከፍለው፣ ልጁን የሚድረው፣ ለቤቱ ቆርቆሮ የሚገዛው በዚህ ወቅት ነው። የከተማው ሰውም ቢሆን፣ ሹፌሩም፣ ጫኝና አውራጁም፣ ምግብ ቤት ያላትም፣ ቤት የሚያከራየውም፣ ቡና ያልነካው ኑሮ የለውም። ስለዚህ ስለ እምነት ስንነጋገር ከዚህ ወር ውጭ ቆመን ብንነጋገር ንግግራችን ከኑሯችን ይርቅብናል ብዬ አምናለሁ።

እኔ ሰባኪ አይደለሁም። ከወጣትነቴ ጀምሮ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ሚዛን አጠገብ ነው፤ መጀመሪያ በሰው መጋዘን መዛኝ ሆኜ፣ ኋላም በራሴ ትንሽ ሱቅ። የማውቀው ይህንኑ ስለ ሆነ የምናገረውም ስለ ሚዛን ነው። የማምነውን አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ የአንድ ክርስቲያን እግዚአብሔርን መፍራት ከሁሉ በፊት የሚፈተነው ሚዛን በያዘው እጁ ላይ ነው፤ እዚያ ላይ የወደቀ ሰው በዝማሬውም በጾሙም ሊደብቀው አይችልም።

የምሳሌ መጽሐፍ በ11ኛው ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ «አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው፤ እውነተኛ ሚዛን ግን ደስ ያሰኘዋል» ይላል። «አባይ» የሚለውን ቃል ልጆቻችን ሲሰሙ ወንዙን ያስባሉ፤ ነገር ግን በአማርኛችን አባይ ማለት ዋሾ፣ ሐሰተኛ ማለት ነው። ተርጓሚዎቹ ይህን ቃል መምረጣቸው ሁልጊዜ ያስደንቀኛል፤ ሚዛኑን እንደ ሰው አድርገው፣ አፍ አውጥቶ የሚዋሽ አድርገው አሳይተውናልና። በእርግጥም ሚዛን ይናገራል። ገበሬው ፊደል ባይቆጥርም፣ ሒሳብ ባይችልም፣ መርፌው የሚናገረውን ያምናል፤ ሌላ የሚያምነው ምስክር የለውም። ያንን ምስክር በሐሰት እንዲናገር ያደረገ ሰው፣ በፍርድ ቤት በሐሰት ከመሰከረ ሰው ምን ያንሳል?

አሁን ከራሴ ልጀምር፤ የራሱን ሳይናገር የሌላውን የሚናገር ሰው ንግግሩ አይደመጥምና። ወጣት ሳለሁ በአንድ ቡና ሰብሳቢ ዘንድ ተቀጥሬ እመዝን ነበር። የማንነቱን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አልነበረም፣ እጁ የእኔ እጅ ነበርና። ሥራ በጀመርኩበት ቀን የተሰጠኝ መመሪያ ሁለት ነበር፦ «ከኪሎ በላይ ያለውን ግራም ቁረጥ፤ ለጆንያም አንድ ኪሎ ቀንስ።» ለጆንያ መቀነስ በራሱ ክፋት የለውም፤ ጆንያው ክብደት አለውና። ነገር ግን ገበሬው ያኔም ቢሆን ብዙ ጊዜ ጀንፈሉን የሚያመጣው በማዳበሪያ ነበር፤ ባዶ ማዳበሪያ ደግሞ በእጅ ቢያነሱት ከአንድ ጨርቅ የማይበልጥ ነገር ነው። ያም ሆኖ አንድ ኪሎው ይቀነስ ነበር።

አንድ ቀን አንዲት እናት በአህያ ሁለት ማዳበሪያ ጭነው መጡ። ነጠላቸውን በወገባቸው ታጥቀው፣ እግራቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነክሶት፣ ከሌሊት ጀምረው ሲጓዙ እንዳደሩ ከፊታቸው ያስታውቁ ነበር። የመጀመሪያውን ማዳበሪያ ሰቀልነው። መርፌው ጥቂት ተወዛውዞ 53 ኪሎ ከ700 ግራም ላይ ቆመ። እኔም ፊቴን ወደ ጸሐፊው መልሼ «ሃምሳ ሁለት!» ብዬ ጮህኩ፤ እርሱም ጻፈ። ሴትዮዋ ቁጥሩን ማንበብ አይችሉም ነበር፤ ነገር ግን መርፌውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና መርፌውን አዩ። በኦሮምኛ «ልጄ፣ እኔ ቤት የሰፈርኩት ይህን አልነበረም» አሉኝ። እኔም «እናቴ፣ ቡናው ደርቆ ነው» ብዬ መለስኩላቸው። ደርቆ ከሆነ መርፌው ራሱ ዝቅ ይል ነበር እንጂ እኔ ዝቅ ማድረግ አያስፈልገኝም ነበር። እርሳቸው ግን አልተከራከሩም። ገንዘባቸውን ቆጥረው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩና ሄዱ።

እስኪ ይህን በዝግታ እናስላው። የተቆረጠው አንድ ኪሎ ከ700 ግራም ነው። በእኛ አገር ቡና የሚነገድበት ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ስለዚህ ከአንድ ማዳበሪያ የወሰድነው ልክ የፈረሱላ አንድ ዐሥረኛ ነበር ማለት ነው። ዐሥራት! ያንን ሒሳብ ያሰላሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ አንድ እሑድ የዐሥራት ትምህርት ሲሰጥ ተቀምጬ ሳዳምጥ ነበር፤ እርሳስ አውጥቼ በመዝሙር መጽሐፌ ጀርባ ላይ አሰላሁት፣ ከዚያም እጄ ተንቀጠቀጠ። እግዚአብሔር ለቤቱ ከጠየቀው መጠን ጋር እኩል የሆነውን እኛ ከአንዲት ድሃ እናት በየማዳበሪያው እንቀበል ነበር። ያቺን እናት ባጎደልኩባቸው ሳምንት ደግሞ ከደመወዜ ላይ አንሥቼ መባ ሰጥቼ ነበር፤ ደስ ብሎኝም ነበር።

መጽሐፍ ቅዱስ ስለዚህ ነገር የሚናገረው ጥቂት መስሏቸው የሚያልፉ ሰዎች አሉ። ግን ኦሪት ዘሌዋውያንን በ19ኛው ምዕራፍ ክፈቱ፤ «ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» የሚለው ቃል፣ ጌታችን ከትእዛዛት ሁሉ ሁለተኛ ብሎ የጠራው ቃል፣ የሚገኘው እዚያው ላይ ነው። በዚያው ምዕራፍ መጨረሻ በመለካትም በመመዘንም በመስፈርም ዓመፃ እንዳይደረግ፣ ሚዛኑና መስፈሪያው የእውነት እንዲሆን ታዝዟል። ባልንጀራን መውደድና ሚዛን ማስተካከል በአንድ ምዕራፍ የተቀመጡት በአጋጣሚ አይመስለኝም። በዚያው ምዕራፍ መጀመሪያ አካባቢም አዝመራ የሚሰበስብ ሰው የማሳውን ጥግ እንዳያጭድ፣ ቃርሚያውን ለድሃና ለእንግዳ እንዲተው ተነግሮታል። ከቡና ዛፍ ሥር የረገፈውን ፍሬ የምትለቅም መበለት ስናባርር ይህንን እናስታውስ።

ኦሪት ዘዳግም በ25ኛው ምዕራፍ ደግሞ በከረጢትህ ታላቅና ታናሽ የሆነ ሁለት ዓይነት መመዘኛ አይኑርህ ይላል። በዕብራይስጡ መመዘኛ ተብሎ የተተረጎመው ቃል በቀጥታ «ድንጋይ» ማለት ነው፤ ያኔ የሚመዘነው በድንጋይ ነበርና። ነጋዴው ሲገዛ ከባዱን ድንጋይ ያወጣል፣ ሲሸጥ ቀላሉን ያወጣል። ነቢዩ አሞጽም በ8ኛው ምዕራፍ ያያቸውን ነጋዴዎች ሲገልጽ ሰንበትን የሚሽሩ ሰዎች አድርጎ አያቀርባቸውም። ሰንበትን ያከብራሉ፤ ሱቃቸውን ይዘጋሉ፤ ነገር ግን በጉባኤ ተቀምጠው «ይህ ሰንበት መቼ ያልፋል? ስንዴውን መቼ እንከፍታለን?» እያሉ ያስባሉ፤ መስፈሪያውን ለማሳነስ፣ ሚዛኑን ለማጣመም ይቸኩላሉ። ይህን ክፍል ባነበብኩ ቁጥር የሚያስፈራኝ የእነዚያ ሰዎች ሥርዓት አክባሪነት ነው። ሰንበት ጠብቀው በማግሥቱ የሚሰርቁ ነበሩ፤ እግዚአብሔርም ይህን ሥራቸውን ከቶ እንደማይረሳ ማለ።

ዛሬ ይህን ጉዳይ ማንሣት ያስፈለገኝ የዘመኑ ሁኔታ ፈተናውን ስላበዛው ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በአንድ ዓመት ጊዜ ከእጥፍ በላይ ሆነ። በዓለም ገበያ ደግሞ በየካቲት 2017 ዓ.ም. የአረቢካ ቡና ዋጋ ግማሽ ኪሎ ለማይሞላው አንድ ፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጣ፤ ያን ያህል ወጥቶ አያውቅም ነበር። በዚያው በ2017 በጀት ዓመት አገራችን ከቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አገኘች። ይህ መልካም ዜና ነው፤ ዋጋ ባጣበት ዓመት ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለ ገበሬ ዛሬ የሚጸጸትበት ዜና ነው። ነገር ግን ዋጋ ሲጨምር ከአንድ ኪሎ ላይ የሚቆረጠው 100 ግራምም ዋጋው ይጨምራል። በፊት ለመስረቅ የማያጓጓው ዛሬ ያጓጓል።

በለቀማው ማሳ ላይ ያለውን ደግሞ ብታዩት ያሳዝናል። ቡናው በሌሊት ይዘረፋል በሚል ስጋት ገበሬው ያልበሰለውን አረንጓዴ ፍሬ ከቀዩ ጋር ጠርጎ ያወርዳል፤ አረንጓዴው ፍሬ በሚደርቅበት አልጋ ላይ ጠቁሮ ይቀራል፣ ጣዕሙም የመረረ ይሆናል። ሰብሳቢው ይህን ሰበብ አድርጎ ዋጋ ይሰብራል፤ ቀዩን ግን ከመካከሉ ለይቶ በሙሉ ዋጋ ይሸጠዋል። «የሚገዛ ሰው፦ ክፉ ነው ክፉ ነው ይላል፤ በሄደ ጊዜ ግን ይመካል» ይላል ምሳሌ 20፥14። ይህን ጥቅስ ስታነቡ ስንት ፊት ወደ ልባችሁ እንደሚመጣ አላውቅም፤ እኔ ግን ከሌላው ሰው ፊት አስቀድሞ የራሴ ፊት ይመጣብኛል።

ስለ ለቃሚዎቹም አንድ ነገር ልበል። ለቃሚ የሚከፈለው በኪሎ ነው። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ያህል ቀይ እሸት መለቀም አለበት፤ ይህም በአንድ በአንድ ፍሬ፣ በጣት የሚለቀም ነው። አመሻሽ ላይ ሚዛኑ ከዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ይንጠለጠላል፤ ለቃሚዋ ልጇን በጀርባዋ አዝላ፣ ቅርጫቷን ይዛ ተራዋን ትጠብቃለች። ለመላው ቀን ድካሟ የሚፈረድላት በዚያች ቅጽበት ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ «እነሆ፥ እርሻችሁን ያጨዱት የሠራተኞች ደመወዝ በእናንተ ተቀምጦ ይጮኻል» ብሎ የጻፈው ስለዚህች ቅጽበት ነው። ደመወዙ ራሱ ይጮኻል አለ። ለቃሚዋ ዝም ብትል፣ ብትፈራ፣ ነገ ሥራ እንዳልከለከል ብላ ብትዋጥ፣ በኪሳችን የቀረው ብር ዝም አይልም።

በዚህች ከተማ ስለ ሚዛን ስንናገር ጎረቤቶቻችንን ሳንጠቅስ ማለፍ አግባብ አይደለም። ጅማ ከጥንት የንግድ ከተማ ናት። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1878 የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር ከጅሬን ኮረብታ ሆነው ሲያስተዳድሩ፣ ከኮረብታው በታች የነበረው የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ከየአቅጣጫው ነጋዴ የሚጎርፍበት ነበር። የዚያ ገበያ ልጆች ዛሬም አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ በቁርኣናቸው 83ኛው ምዕራፍም ከሰው ሲቀበሉ ሞልተው የሚሰፍሩ፣ ለሰው ሲሰጡ ግን የሚያጎድሉ ሰዎች ወዮላቸው ተብሏል። ሙስሊሙ ገበሬ ወደ ክርስቲያን ነጋዴ ሚዛን ሲመጣ የራሱ መጽሐፍ ያወገዘውን ነገር በእኛ እጅ ላይ ቢያገኘው፣ ስለ ክርስቶስ የምንነግረውን በምን ጆሮው ይሰማናል? በዚህች ከተማ ሰፋ ያለ አዳራሽ ከመሥራታችን በፊት የቀና ሚዛን ይኑረን።

ነገሩ በቡና ብቻ የሚያበቃ አይደለም። በገበያ ወለሉ ወደ ውስጥ የተገፋ ጣሳ አይታችኋል፤ ከላይ ሲታይ ሙሉ ነው፣ ከታች ግን አንድ እፍኝ ጎድሏል። የቴሌብር ክፍያ ከመጣ ወዲህ ደግሞ አዲስ ዓይነት አባይ ሚዛን መጥቷል፦ በሐሰት የተቀናበረ የክፍያ መልእክት ለሽንኩርት ሻጯ አሳይቶ «ልኬልሻለሁ» ብሎ የሚሄድ ወጣት። እርሷ በቀኑ መጨረሻ ሒሳቧን ስታይ ገንዘቡ የለም። በመሥሪያ ቤትም ሰዓት የሚመዘንበት ሚዛን አለ፤ ስምንት ሰዓት ሠርቻለሁ ብሎ የፈረመና አራት ሰዓት ብቻ የሠራ ሠራተኛም ጣሳው ወለሉ ተገፍቷል።

ከዚህ ሁሉ በተቃራኒ ገበያችን ያቆየልን አንድ ያማረ ቃል አለ። ከሰፈረች በኋላ ሻጯ ከላይ የምትጨምረውን «ምርቃት» እንላታለን። «እሜቴ፣ ምርቃት ጨምሪልኝ እንጂ» ይባላል። ሌላ ስም ሊሰጠው ይችል ነበር፤ አባቶቻችን ግን ከልክ በላይ የተሰጠውን በረከት ብለው ጠሩት። ጌታችንም በሉቃስ ወንጌል 6፥38 ሲናገር ያየው ይህንኑ የገበያ እጅ ነበር፦ «የተጨቈነና የተነቀነቀ የተትረፈረፈም መልካም መስፈሪያ በእቅፋችሁ ይሰጣችኋል።» ጤፍ ስትሰፍር የምታውቁት ደግ ሻጭ ትዝ ትበላችሁ፤ ጣሳውን ትሞላለች፣ በመዳፏ ጫን ታደርገዋለች፣ ነቅነቅ ታደርገዋለች፣ ሲጎድል እንደገና ትሞላለች፣ ክምሩ በጣሳው አፍ ዙሪያ ሲፈስስ ነው ወደ ዘንቢላችሁ የምትገለብጠው። እግዚአብሔር ለእኛ እንዲያ ሰፈረ። እርሱ እንዲያ የሰፈረለት ሰው ለባልንጀራው ግራም እየቆረጠ ቢሰፍር እንዴት ይሆናል?

አሁን ወደሚከብደው ልግባ፤ ብዙ ያሰብኩበት ስለ ሆነ ታገሡኝ። ሁለት ዓይነት ድንጋይ በከረጢት መያዝ በገንዘብ ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም። በእነዚህ ዓመታት በአገራችን ያለቀሰች እናት ያልተገኘችበት አቅጣጫ የለም። በሰሜኑ ጦርነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት እስኪፈረም ድረስ ሁለት ዓመት ያህል ሰው አለቀ፤ ከዚያም በኋላ በኦሮሚያም በአማራም ጥይት አልበረደም። ዜናው በስልካችን ሲደርሰን ልባችን ምን እንደሚያደርግ እንታዘበው። የሞተው ሰው የእኔ ቋንቋ ተናጋሪ ከሆነ ትልቁን ድንጋይ አወጣለሁ፤ ነፍሱ ትከብዳለች፣ ሞቱ ግፍ ነው፣ እንቅልፍ ይነሳኛል። የሞተው የሌላው ወገን ከሆነ ትንሹን ድንጋይ አወጣለሁ፤ «እነርሱስ ያኔ ምን አድርገው ነበር?» እላለሁ፣ ምክንያት እፈልጋለሁ፣ ወደሚቀጥለው ዜና አልፋለሁ። አንድ ሰው፣ አንድ ደም፣ ሁለት ክብደት። «ሁለት ዓይነት ሚዛንና ሁለት ዓይነት መስፈሪያ፥ ሁለቱ በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊዎች ናቸው» ይላል ምሳሌ 20፥10። እግዚአብሔር ቃየንን «ወንድምህ አቤል ወዴት ነው?» ብሎ ሲጠይቀው የአቤልን ወገን አልመዘነም።

ይህን የምለው በዚህ አዳራሽ ከተለያየ ቤት የመጣን፣ በአንድ ዕድር የምንቀባበር ሰዎች ስለ ሆንን ነው። በለቅሶ ቤት አብረን ተቀምጠን፣ ንፍሮ አብረን በልተን፣ ወደ ቤታችን ተመልሰን ስልካችንን ስንከፍት የተለያየ ድንጋይ የምናወጣ ከሆነ፣ ቡናችንን በትክክል ብንመዝን እንኳ ሚዛናችን አባይ ነው። ዳንኤል በባቢሎን ግድግዳ ላይ ያነበበው ቃል «በሚዛን ተመዘንህ፥ ቀልለህም ተገኘህ» የሚል ነበር፤ ያን ቃል የሰማው ንጉሥ ብልጣሶር በዚያች ሌሊት ተገደለ። መዛኝ ሁሉ መመዘኑ አይቀርም።

«ታዲያ ሁሉም በሚያጭበረብርበት ገበያ እኔ ብቻዬን ቀና ብሆን ምን ላተርፍ?» ብላችሁ የምታስቡ ትኖራላችሁ። ይህ ጥያቄ ሐሰት የለበትም፤ ግራም የማይቆርጥ ነጋዴ ዋጋ ከሚያስበልጠው ጎረቤቱ ጋር መወዳደር እንደሚከብደው እኔ ራሴ ቀምሼዋለሁ። መልሱን ግን ከዚሁ ከአጠገባችን፣ የቡና ምርምሩ ካለበት ከመልኮ ላምጣላችሁ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን ታየ። ፈንገስ ነው፤ አረንጓዴውን ፍሬ ይይዛል፣ ፍሬው እንደ ከሰል ጠቁሮ ዛፉ ላይ ይደርቃል። ብዙ ማሳ ባዶ አስቀረ። ያኔ የጅማ ምርምር ሰዎች በሽታው ወደበረታባቸው ማሳዎችና ጫካዎች ሄደው አንድ ነገር ፈለጉ፦ ዙሪያውን ሁሉ ታሞ ሳለ ፍሬውን ጤናማ አድርጎ የቆመ ዛፍ። አገኙም። ከእነዚያ ዛፎች ዘር ወሰዱ፣ ፈተሹ፣ አባዙ፤ 74110 እና 74112 እየተባሉ የሚጠሩት ዝርያዎች ከመቱ አካባቢ የተገኙ ናቸው፣ በቁጥራቸው መጀመሪያ ያለው 74 የተመረጡበትን 1974ን ያመለክታል። ዛሬ እነዚህ ዝርያዎች ከጅማ አልፈው በጌዴኦና በጉጂ ጭምር ይተከላሉ።

ይህን ልብ በሉልኝ። ጤነኛው ዛፍ ጤነኛ መሆኑ የታወቀው ጫካው ስለታመመ ነው። በጤናው ዓመት ማንም አያየውም ነበር፤ ከሌላው ዛፍ በምን ይለያል? በሽታው ሲመጣ ግን የምርምሩ ሰው ዓይን በእርሱ ላይ አረፈ፤ ከእርሱም የመጣው ዘር ለመላው አገር ተረፈ። ኤልያስ «እኔ ብቻዬን ቀረሁ» ብሎ ባለቀሰ ጊዜ እግዚአብሔር ለበኣል ጉልበታቸውን ያላንበረከኩ ሰባት ሺህ ሰዎች አስቀርቻለሁ አለው። መጽሐፋችን እንደነዚህ ያሉትን «ቅሬታ»፣ ማለትም ሳይጠፉ የቀሩ፣ ይላቸዋል። አንድ ቀና ሚዛን ያለው ሱቅ በአንድ ሰፈር ውስጥ ቅሬታ ነው። ገበሬው አይሳሳትም፤ አንድ ወቅት ሁለት ወቅት ይፈትናል፣ ከዚያ ለወንድሙ ይነግራል፣ አህያው ራሷ መንገዱን ትለምደዋለች። እኔ ይህን በትንሿ ሱቄ አይቼዋለሁ። ፈጥኖ አልመጣም፤ ሁለት ዓመት ከስሬአለሁ፣ ባለቤቴም በእነዚያ ዓመታት ወርቋን ሸጣለች። ግን መጣ።

ወደ ኋላ ስለተወሰደውስ ምን እናድርግ? ዘኬዎስ ጌታን ለማየት ሾላ ላይ ወጣ፤ ጌታም ወደ ቤቱ ገባ፤ ሰውዬው ቆሞ ግማሹን ገንዘቤን ለድሆች እሰጣለሁ፣ ማንንም በሐሰት ከስሼ እንደ ሆንሁ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ጌታም ዛሬ ለዚህ ቤት መዳን ሆኖለታል ያለው ይህን ከሰማ በኋላ ነው። እኔ ያቺን እናት ፈልጌአለሁ። ከማና አቅጣጫ እንደመጡ እንጂ ስማቸውን አላውቅም ነበር፤ ያ መጋዘንም ከተዘጋ ቆይቷል። በሦስት የገበያ ቀን ሄጄ በዕድሜ የገፉ ሴቶችን ጠየቅሁ። አንዳንዶቹ ሳቁብኝ፣ አንዷ ደግሞ «ልጄ፣ እኔንም ቆርጠውብኛል፤ ለእኔ ስጠኝ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ ሰጠኋቸው። ያችኛዋን እናት ግን አላገኘሁም። ይህን ዕዳ በልቤ ይዤ እንደምኖር ብነግራችሁ ማፈር አይገባኝም።

ስለዚህ ከመቀመጤ በፊት አንድ ተጨባጭ ነገር ለጉባኤው አቀርባለሁ። በኦሪት «የመቅደሱ ሰቅል» የሚል አባባል ብዙ ጊዜ ታገኛላችሁ፤ ሰቅል የክብደት መለኪያ ነው፤ በዘጸአት 30፥13 ሰቅሉ ሀያ አቦሊ፣ ማለትም ከእርሱ ያነሰ መለኪያ ሀያ፣ እንደሆነ ተወስኗል። ማለትም የመመዘኛው ልክ ነጋዴው ሱቅ ውስጥ አልነበረም፤ በእግዚአብሔር ቤት ነበር። በመጀመሪያ ዜና መዋዕል 23ኛው ምዕራፍም ከሌዋውያን አገልግሎት መካከል መስፈሪያውንና ልኩን ሁሉ መጠበቅ ተቆጥሯል። ከመዝሙርና ከመሥዋዕት ጎን የጣሳው ልክ በሌዋውያኑ እጅ ነበር። የኢየሩሳሌም ነጋዴ ድንጋዩ ትክክል መሆኑን ቢጠራጠር፣ ወይም ገዢው ቢጠራጠርበት፣ የሚመሳከረው በመቅደሱ እንደ ነበር እገምታለሁ።

እኔም የምጠይቀው ይህንን ነው። በሕግ የተረጋገጡ የ1፣ የ5 እና የ20 ኪሎ ብረት መመዘኛዎች ገዝተን በቤተ ክርስቲያኑ መግቢያ፣ ከዘበኛው ቤት አጠገብ እናስቀምጥ። በለቀማው ወራት በየቅዳሜው ማለዳ ማንም ሰው፣ ክርስቲያንም ይሁን ሙስሊም፣ ነጋዴም ይሁን ለቃሚ፣ ሚዛኑን አምጥቶ ያለ ምንም ክፍያ ይፈትሽ። ያጎደለውን ለፖሊስ አንሰጥም፣ በስሙም አንጠራውም፤ ልኩን አሳይተን እንዲያስተካክል እንረዳዋለን። ገበሬዎቹም ይህ ነገር እንዳለ በየመንደራቸው ይወቁ። የብረቶቹን ዋጋ ግማሹን እኔ እችላለሁ፤ ያቺን እናት ሳገኝ ልሰጣቸው ለብቻው ያስቀመጥኩት ገንዘብ አለ። ፈቃዳችሁ ከሆነ የሚመጣው ቅዳሜ እንጀምር፤ በዚያ ማለዳ ከሁሉ በፊት የሚሰቀለው የእኔ ሱቅ ሚዛን ይሆናል፣ የሚያሳየውም ቁጥር በሁላችሁ ፊት በድምፅ ይነበባል።